ጀርመን ለልምድ ልውውጥ ልሄድ ነው፣ ስለ ልጆቻችን የስልክ አጠቃቀም ምን ይዤ ልሂድ?

ፍኖተ_ዳሞት፦

እንዴት ዋላችሁ ወገኖች። ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት፣ የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል ውስጥ ነው የምሰራው። ጀርመን አገር ካለ አንድ የወጣቶች ማህበር ጋር ግንኙነት ተፈጥሮ ከኛ በኩል ሰው ሄዶ ለሳምንት ያህል እዚያ ከወጣት ጋር ከሚሰሩ ሰዎች ጋር ልምድ ይለዋወጥ ተባለና እጣው እኔ ላይ ወደቀ። ርዕሱ "ወጣቶችና ዲጂታል ሚዲያ" ነው፣ ከሌላ አገር የሚመጡም አሉ።

ደስ ብሎኛል ግን ጨንቆኛልም። የ15 ደቂቃ ፕረዘንቴሽን አዘጋጅ ብለውኛል፣ "በአገራችሁ ወጣቶች ዲጂታል ሚዲያ እንዴት ይጠቀማሉ" የሚል። ፎቶና አጭር ቪዲዮም ጠይቀዋል። ኃላፊዬ መልካም ገጽታችንን አሳይ ይላል፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ፎቶ አንሳ (ስንቱ ኮምፒውተር እንደሚነሳ አትጠይቁኝ)። አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ ወጣቱ በቲክቶክ አለቀ በላቸው፣ ፈንድ የሚመጣው ችግር ሲወራ ነው ይለኛል።

እኔ የማየው ከሁለቱም ይለያል። እኛ ጋ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከጃቢ ጠህናን ገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው፣ ሶስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ ስማርት ስልክ ያለው ከመሀላቸው አንዱ ነው። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ ስልኩ ማን ጋ ይቅር በሚል ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዱ ጥቅል ይገዛል፣ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን ዎርክሺትና ፒዲኤፍ ያወርዳል፣ የቀሩት በዜንደር ይቀባበላሉ። ቲክቶኩም በዚያችው ስልክ ነው፣ አንዱ ይይዛል ሌሎቹ በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እስኪ ይሄን በምን ግራፍ ነው የማወጣው?

እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተሳትፋችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምን እንደሚጠይቁ፣ ምን ይዞ መሄድ እንደሚጠቅም ንገሩኝ። ስለ ቪዛውም የምታውቁት ካለ።

ጣና_ዳር፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ ባህር ዳር ነኝ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ባለ ልውውጥ ጀርመን ሄጄ ስለነበር ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ነገር "የኢትዮጵያ ወጣት" እያልክ እንዳትጀምር። ከኛ ጋር የነበረ ሰውዬ የአዲስ አበባን ልጆች ብቻ አይቶ አገሩን ሙሉ እንደዚያ አድርጎ አወራና እኔ ስለ ገጠሩ ስናገር ሰዎቹ ማንን ይመኑ፣ ሁለታችንም ከአንድ አገር ነን እንላለን። አንተ ፍኖተ ሰላም ላይ ከምታውቃቸው ልጆች አትውጣ፣ በቃ። ቁጥርም አትሸከም። እነሱ ጂም የሚሉት ጥናት አላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ ከ12 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን ምን ታያላችሁ፣ በምን ታያላችሁ እያሉ ሲጠይቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ በቁጥር አትስተካከላቸውም። ያቺ አራት ሰው የሚጠቀምባት ስልክ ግን ጥናታቸው ውስጥ የለችም፣ እዚያ ስልክ የሌለው የ15 ዓመት ልጅ ፈልገህ አታገኝም።

ሌላው፣ ውለታ እየዋሉልህ እንዳይመስልህ። እዚያ ከወጣት ጋር መስራት የሚማሩት ሙያ ነው፣ ስለ ልጆችና ወጣቶች ባወጡት ህግ ላይ የወጣት ስራ ተብሎ ተጽፏል፣ ዓለም አቀፍ ልውውጡም እዚያው ህግ ውስጥ በስም አለ። ስለዚህ አንተን መጥራታቸው መደበኛ ስራቸው ነው፣ የሚፈልጉትም ነገር አለ፣ እንግዳ ሆነህ አንገትህን ደፍተህ እንዳትቀመጥ ነው ይሄን ያልኩህ።

እኛን ካሰሩን ነገር ሁሉ የማልረሳው ይሄን ነው። ወረቀት ሰጡንና የምታውቁትን አንድ ልጅ አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሳሉ፣ ስልክ እጁ ላይ ያለበትን ሰዓት ቀለም ቀቡት አሉን። ጀርመኗ የሳለችው ልጅ ወረቀቱ ሙሉ ቀለም ሆነ፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ ስልክ፣ አውቶብስ ላይ ስልክ፣ የክፍሉ ልጆች ዋትስአፕ ግሩፕ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ማታ እናትየው ልትቀማው ስትል ጠብ። የኔዋ ልጅ ጠዋት ምንም፣ ትምህርት ቤት ምንም፣ ከሰዓት ቤት ውስጥ ስራ፣ ማታ ወንድሟ ሲገባ መብራት ካለ ለአንድ ሰዓት ይሰጣታል። እንግዲህ እኔ "የዳታ ውድነት" ምናምን ብዬ ላብራራ ስል አንዷ እጇን አወጣችና "ታዲያ ወንድሟ ያየችውን ሁሉ ያያል ማለት ነው?" አለች።

ይሄን ጥያቄ እኔ ከልጆቹ ጋር እየዋልኩ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ሴቶቹን ለብቻቸው ስናወራ ነው የወጣው፣ ልጅቷ ስልክ ላይ መጀመሪያ የተማረችው ሂስትሪ ማጥፋት ነው። ስለ ወር አበባ መጠየቅ ብትፈልግ በወንድሟ ስልክ እንዴት ብላ? ጎግል አድርጋ፣ አንብባ፣ አጥፍታ፣ ደግሞ ጠፍቶ እንደሆነ ተመልሳ አይታ። አሁን ማዕከላችን ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች አንዱ ስክሪኑ ወደ ግድግዳ ዞሮ የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሰው ጀርባዋ ላይ ቆሞ እንዳያነብ። ትንሽ ነገር ናት ግን ከዚያ ሁሉ ስልጠና ለኔ የተረፈችኝ እሷ ናት።

ገንዘቡ የኢራስመስ ፕላስ (የአውሮፓ ህብረት የልውውጥ ፕሮግራም) ከሆነ ሲያልቅ ዩዝፓስ የሚባል ሰርተፍኬት ይሰጡሃል፣ ምን እንደተማርክ ራስህ ነህ የምትሞላው፣ ችላ ብለህ "ብዙ ተምሬአለሁ" ብለህ እንዳትጨርሰው።

የሞጣ_ልጅ፦

ይቅርታ ደስታህን ላደፈርስ አይደለም ግን ይሄ ልውውጥ የሚባለው ነገር ለልጆቹ ምን ጠብ ሲልላቸው አየን? ሰው ይሄዳል፣ በረዶ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፣ መጥቶ ለቢሮ አንድ ገጽ ሪፖርት ያስገባል፣ አለቀ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ያው ሰው ወይ ዘመዱ ይሄዳል። እኛ ጋ ማዕከሉ ውስጥ ያለው አንድ ቴሌቪዥን የፕሪሚየር ሊግ ማሳያ ሆኖ ነው ያለው። በአውሮፕላን ትኬቱ ስንት ልጅ ኮምፒውተር ይማርበት ነበር።

ፍኖተ_ዳሞት፦

@የሞጣ_ልጅ ወንድሜ ያልከው የለም አልልም፣ አውቃለሁ። ግን የትኬቱ ገንዘብ እኔ ባልሄድ ለኮምፒውተር አይውልም፣ ለጉዞ ተብሎ የተመደበ ነው፣ ሌላ ሰው ይሄድበታል። በዚህ ዙር ደግሞ እኔ ስመለስ ከነሱ በኩል ሁለት ሰው ወደኛ ይመጣል ተብሏል፣ መንገዱ ከፈቀደ። @ጣና_ዳር እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያን የአንድ ቀን ስዕል ሰርቄሻለሁ።

መምህር_ዘማርቆስ፦

ሰላም ልጆች። ደብረ ማርቆስ አይሲቲ አስተምራለሁ። የጠያቂው ገለጻ ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምረው የተረሳውን ነው።

ዲጂታል ሚዲያ ሲባል ሁላችንም ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚታየን። ገበያ ቀን አንድ ሞባይል ቤት በር ላይ ቆመህ ተመልከት እስኪ። ከገጠር የመጣው ወጣት ኪፓድ ስልኩን ከፍቶ ሚሞሪውን አውጥቶ ይሰጣል፣ ይከፍላል፣ ዘፈን ቀልድ የሰርግ ጭፈራ ይጫንለታል፣ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ካለው ከቲክቶክ የወረደ ሳይቀር። ይሄ ልጅ አካውንት የለውም፣ ዳታ የለውም፣ ግን ቲክቶክ ያያል። ፈረንጆቹ አልጎሪዝም አልጎሪዝም ሲሉህ እኛ ጋ አልጎሪዝሙ ሞባይል ቤት ያለው ጎረምሳ ነው በላቸው፣ ምን እንደሚጭን የሚመርጠው እሱ ነው። ባለፈው አንዱን ለምን እንዲህ ያለ ጸያፍ ቀልድ ለህጻን ትጭናለህ ብለው "ቲቸር እኔ ፎልደሩን ኮፒ ፔስት ነው የማደርገው፣ ውስጡን አላየሁትም" አለኝ። ወሬም በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ቀኑ ያልታወቀ ቪዲዮ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ እየዞረ የዓምናው ግጭት የዛሬ ይመስላል፣ ማን እንደለቀቀው ቢፈለግ አይገኝም፣ ፌስቡክ ላይ ቢሆን ቢያንስ ሪፖርት ታደርገዋለህ።

በ2015 ክረምት ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለብዙ ወራት እነዚህ ሚሞሪ ቤቶች ነበሩ የያዙን። ተማሪዎቼ የድሮ ፒዲኤፍ እየተለዋወጡ ነው ለፈተና የተዘጋጁት። ይሄን ብትነግራቸው ደስ ይለኛል፣ እዚያ ያሉት ልጁን ከስልክ እንዴት እናርቀው እያሉ ሲጨነቁ እኛ ጋ ደግሞ ሲጠፋ ምን ሆነ የሚለውን አይተናል። ልጆቹ ኢንተርኔት ስለጠፋ መጽሐፍ ወደ ማንበብ አልዞሩም፣ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነው የሞላው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ስልክ በትምህርት ቤት መከልከልን እዚያ አሁንም እየተሟገቱበት ነው። ሄሰን የሚባለው ክልላቸው ከ2025/26 የትምህርት ዘመን (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ በግል ስልክ መጠቀም ከልክሏል። አውስትራሊያ እንዲያውም ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የማህበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖረው በህግ አግዳለች፣ እ.ኤ.አ. ከታህሳስ 10፣ 2025 ጀምሮ። እኛ ስልክ መውረስ ከጀመርን ዓመታት አልፈውናል። ስለዚህ ልምድ ያለን እኛ ነን፣ ምን እንደተፈጠረ ንገራቸው፦ ስልኩ ከግቢ ውጭ ካለች ሱቅ ይቀመጣል፣ ባለሱቋ ታስከፍላለች፣ ልጁ በረፍት ሰዓት በአጥር ዘሎ አይቶ ይመለሳል። የኔ ክፍል ላይ ትኩረታቸው አልተሻሻለም አልልም፣ ተሻሽሏል፣ ግን ከአጥሩ ውጭ ያለውን ማን ይየው።

ጮቄ_ነፋስ፦

@መምህር_ዘማርቆስ ባለሱቋ ታስከፍላለች ያሉት ገደለኝ ጋሼ 😂 ቢቸና ስንማርም እንደዚሁ ነበር

ቡሬ_በራይን፦

ቡሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ አሁን ጀርመን ነው የምኖረው። ስለ ቪዛው ልንገርህ ወንድሜ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው።

አሁኑኑ ጀምር። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ አሰራሩን አጥብቋል፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ድሮ መደበኛው 15 ቀን ነበር አሁን 45 ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜ መግቢያ የሚባለውም ቀርቷል ማለት ይቻላል፣ የሚሰጥህ ለአንዴ ነው። ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብለህ ማመልከት ትችላለህ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉህ አይመለስም፣ ስለዚህ ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ተነጋገሩ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የግብዣ ደብዳቤው ላይ ማደሪያህን ምግብህን ትኬትህን ማን እንደሚችል በግልጽ ይጻፉ፣ ካንተ መስሪያ ቤት ደግሞ የስራ ደብዳቤ፣ ደሞዝ፣ ፈቃድ የተሰጠህ መሆኑ፣ ተመልሰህ የምትቀጥለው ስራ ምን እንደሆነ። መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ ስለማይታወቅ ለቀጠሮው አዲስ አበባ ቀደም ብለህ ግባ፣ በመኪና አልሆን ካለ ከባህር ዳር በአውሮፕላን።

ስጦታ ይዘህ መምጣትህ አይቀርም፣ ቅቤና ቋንጣ እንዳትሞክር ኤርፖርት ላይ ነው የሚጥሉብህ፣ ከአውሮፓ ህብረት ውጭ ካለ አገር ስጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፣ የጎጃም ማር ይዘህ ና እኔም ጋ ብቅ በል 😀 ቡናና ዳቦ ቆሎ ችግር የለውም።

ፍኖተ_ዳሞት፦

ቡሬዬ እግዜር ያክብርልኝ፣ ማሩ አይቀርብህም። @መምህር_ዘማርቆስ ጋሼ የሚሞሪ ቤቱን ነገር እኔ በየገበያው ቀን እያለፍኩበት ርዕስ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ግን የዳታ መቋረጡን ማንሳት ፖለቲካ አይሆንብኝም? ቢሮ ደግሞ ፕረዘንቴሽኑን አስቀድመህ አሳይ ብሏል።

ጣና_ዳር፦

አይሆንብህም እንዴት እንደምታነሳው ነው። ለምን ተቋረጠ፣ ማን አቋረጠ ብለህ ከገባህ 15 ደቂቃህን ሙሉ እሱ ይበላዋል፣ የሚጠይቁህም ስለሱ ብቻ ይሆናል፣ ልጆቹ ተረሱ ማለት ነው። መቋረጡ በዓለም የታወቀ ነገር ነው ያንተ ሚስጥር አይደለም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በለውና ልጆቹ በዚያ ጊዜ ምን አደረጉ ወደሚለው እለፍ፣ መምህር እንዳሉት። እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት።

ፎቶውን በተመለከተ ደግሞ ተጠንቀቅ። ልጆቹ ከ18 በታች ከሆኑ ከወላጅ በጽሁፍ ፈቃድ ሳትቀበል ፊታቸው የሚታይ ነገር አትላክ፣ እነሱም ይጠይቁሃል፣ በነሱ ህግ ቀልድ የለም፣ በኛም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ገጠር ያሉ ወላጆች ጋ ደርሶ ማስፈረም ከባድ ነው፣ ስለዚህ እጅ ብቻ አንሳ፣ ስልኳን የያዙ አራት እጆች። ለኔ ከፊት ይልቅ እሱ ይናገራል።

ልጅ_17፦

ሰላም እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም 11ኛ ክፍል ነኝ፣ የማዕከሉ ልጅ ነኝ ጋሼ ታውቀኛለህ ግን ስሜን አልጽፍም። ሁላችሁም ስለኛ እያወራችሁ ነው፣ አንድ ሰው እንኳን እነሱ ምን ይላሉ አላለም 🙄

ሁሌ ስብሰባ ስንጠራ "የማህበራዊ ሚዲያ ጉዳት" ነው፣ አንዴም ጥቅሙ ተብሎ ተጠርተን አናውቅም። እኔ እንግሊዝኛ የቻልኩት በዩቲዩብ ነው፣ 144 ላይ አድርጌ ነው የማየው ዳታ እንዳይበላ፣ የሰውየው ፊት አይታይም ድምጹን ነው የምሰማው። የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ሌሊት ተነስቼ አወርዳለሁ ከዛ ክላስ ውስጥ እተኛለሁ፣ ቲቸር ስልክ ሲነካካ አድሮ ነው ይላል፣ እውነቱን ነው ግን ሲያወርድ አድሮ ነው። ሃምስተር የተባለው የቴሌግራም ጌም ጊዜ ደግሞ ሁላችንም ስንነካካ ነበር፣ ብር ይሆናል ተብሎ ጣታችን እስኪደነዝዝ፣ መጨረሻ ላይ ለካርድ የሚሆን ነገር ነው የወጣው፣ ለአንዳንዱ እሱም የለም። ማንም ትልቅ ሰው ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሰራው፣ ለማን ነው የምትነካኩት ብሎ አላስረዳንም፣ ተዉ ብቻ ነው።

እና ዋናው ቲክቶክ አይደለም። ቤቲንግ ነው። ከኛ ጋር የሚኖር ልጅ ነበር የቤት ኪራይ ብሩን በልቶበት ወደ ገጠር ተመልሷል፣ ትምህርቱን አቋርጦ። ቤተሰቡ ስልክ አበላሸው ይላሉ። ስልኩ እኮ የኔ ነበር እኔ አልተበላሸሁም። ጋሼ እዛ ስትሄድ እሱን ጠይቅልን፣ እነሱ አገር ልጅ በስልኩ ቤቲንግ መመደብ ይችላል ወይ?

መምህር_ዘማርቆስ፦

ጎበዝ ልጄ። ጥያቄው ከኛ ሁሉ ይበልጣል። ቲክቶክን ግን ነጻ አታውጣው፣ ላይቩ ላይ ባትል እየተባለ ማታ ማታ ስጦታ የሚለምኑትን አላየህም? ድርጅቱ ራሱ ላይቭ ከ18 በታች አይፈቀድም ይላል፣ ከ13 በታች ደግሞ ጭራሽ አካውንት አይከፍትም። ስንቱ ተማሪዬ የተወለደበትን ዓመተ ምህረት ሲሞላ ዕድሜው ላይ ስምንት ዓመት እንደሚጨምር ብነግርህ፣ አንዳንዱ ሳያውቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ ነው ትልቅ ሰው የሆነው 😄 ይሄንንም ንገራቸው፣ የዕድሜ ገደብ ሲሉ የኛን ካላንደር አላሰቡትም።

ቡሬ_በራይን፦

@ልጅ_17 ጥያቄህን እኔ ልመልስልህ እዚህ ስላለሁ። ከ18 ዓመት በታች ቁማርም ውርርድም በህግ ክልክል ነው፣ ኦንላይን ሲሆን ማንነትህ ሳይረጋገጥ መጫወት አትችልም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ክልሎቹ አዲስ የቁማር ስምምነት አላቸው፣ በኦንላይን በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ ማስገባት አይቻልም በሁሉም ድርጅቶች ላይ ተደምሮ (ከገደቡ በላይ የሚፈቀድላቸው አሉ ግን ማጣራት አለው)። ኦአዚስ የሚባል መዝገብም አለ፣ ሱስ የያዘው ሰው ራሱን ያስመዘግባል፣ ቤተሰብም ሊያስመዘግበው ይችላል፣ ከዛ ፈቃድ ያለው የትኛውም የውርርድ ቤት አያጫውተውም። ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም፣ ፈቃድ በሌላቸው ድረ ገጾች በኩል የሚያመልጡ ሞልተዋል፣ የትልቅ ወንድም መታወቂያ እዚህም ይሰራል። ግን ከልጁ በቀር ተጠያቂ የሚሆን ሌላ አካል አለ፣ ድርጅቱ ይቀጣል።

የሞጣ_ልጅ፦

እሺ ይሄ ነገር ከተወራ ይሂድ 😅 እኔ የሰለቸኝ እኮ ሄዶ ምን እንዳየ የማይነግርህ ሰው ነው። ቤቲንጉን ይዘህ ከሄድክና እዚያ ያሉት እንዴት እንደሚቆጣጠሩት በዝርዝር ጽፈህ ከመጣህ፣ ለቢሮው ብቻ ሳይሆን ለወላጆችም ብትነግር ትኬቱን አልመቀኝህም።

ፍኖተ_ዳሞት፦

@ልጅ_17 አውቄሃለሁ መሰለኝ፣ ባላውቅህም ሐሙስ ከሰዓት ማዕከሉ ጋ ና፣ እነዚያን አብረውህ የሚኖሩትንም ይዘህ። ያን ወረቀት እናንተ ራሳችሁ ነው የምትስሉት፣ እኔ አልነካውም፣ ሌሊት የምታወርድባትን ሰዓት ጭምር። ለሴቶቹ ሌላ ቀን ከሴት ባልደረባዬ ጋር እናደርጋለን፣ @ጣና_ዳር ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ አንድ ላይ ላስቀምጣቸው አልፈልግም።

ለኃላፊዬም ተናግሬአለሁ። የኮምፒውተሩ ክፍል ፎቶ አንድ ስላይድ ይግባ ብሎ ተከራከረኝ፣ ይግባ አልኩት፣ የማይነሱትም እየታዩ። ቤቲንጉ ላይ ግን አልተስማማንም፣ "የአገር ገመና" አለው። እስኪ በዚህ ላይ ሀሳብ ያላችሁ፣ ጀርመን ያለው ማህበር ራሱ በጽሁፍ ስለ ኦንላይን ውርርድ አቅርብ ብሎ ቢጠይቅ ቢሮው ይቀበላል ብዬ አስቤአለሁ። እንደዚያ ጻፉልኝ ብሎ መለመን ነውር ነው ወይስ ያደርጉታል?

ጣና_ዳር፦

ምን ነውር አለው፣ ያደርጉታል። ፕሮግራሙን ከማጽደቃቸው በፊት ከተሳታፊዎች ርዕስ ይሰበስባሉ፣ አሁን ኢሜይል አድርግላቸው። ልጁ የጻፈውን ስሙን ሳትጠቅስ ተርጉመህ አያይዘው፣ ከዛ እነሱ ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁህ።

ልጅ_17፦

ጋሼ ሐሙስ ቲቶሪያል አለን፣ አርብ ይሁን 🙏 እና ዋይፋዩ የሚሰራ ከሆነ ብዙ ልጅ ይመጣል